ለዶክተር ካትሪን ሐምሊን መታሰቢያ አዋላጅ ይቀጠርልን

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ጤና ሚኒስቴር
ለክልል ጤና ቢሮዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በገጠር ጤና ጣቢያዎች የአዋላጅ ነርሶችን ቅጥርና ስምሪት ይመለከታል

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፦

በየዓመቱ ግንቦት 15 ቀን፣ ዓለም አቀፉ የወሊድ ፊስቱላን (በምጥ ብዛት የሚመጣውን፣ ሽንት ያለማቋረጥ የሚያፈስሰውን ቀዳዳ) የማጥፋት ቀን ሲከበር፣ የዶክተር ካትሪን ሐምሊን ስም ሳይነሳ አይቀርም። ይገባቸዋል። ከስድሳ ዓመት በላይ ለዚህ አገር ሴቶች ሠርተው፣ መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው አዲስ አበባ ውስጥ በቤታቸው ያረፉ ሰው ናቸው። ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ የክብር ዜግነትም ተሰጥቷቸዋል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን ስማቸው በተነሳ ቁጥር ታሪካቸው ከመሃል ስለሚጀመር ነው። ካትሪን ሐምሊን ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ፊስቱላ እጠግናለሁ ብለው አልነበረም። የመጡት አዋላጅ ሊያስተምሩ ነበር። በገጠር ጤና ጣቢያ ለብዙ ዓመታት ያገለገልሁ አዋላጅ ነርስ ስለሆንሁ፣ ይህ የተዘለለ ምዕራፍ ከሌሎች ይልቅ እኔንና የሙያ እህቶቼን ይመለከታል።

ዶክተር ካትሪን እ.ኤ.አ. በ1924 አውስትራሊያ ውስጥ ሲድኒ ከተማ ተወለዱ። በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው እ.ኤ.አ. በ1946 ተመረቁ። በሚሠሩበት የሴቶች ሆስፒታል ኃላፊ የነበሩትን ኒውዚላንዳዊውን ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንን አገቡ። ሁለቱም የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ነበሩ። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ያዩት ማስታወቂያ አዲስ አበባ በሚገኘው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ሐኪም እንደሚፈለግ ይገልጽ ነበር። የሦስት ዓመት ውል ይዘው፣ ከትንሽ ልጃቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ገቡ።

ሆስፒታሉ ለማን መታሰቢያ እንደተሠራ ልብ በሉልኝ። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን እንግሊዝ አገር ነርስነት ተምረው የተመረቁ፣ ከነፃነት በኋላ ትዳር መሥርተው ወደ ነቀምቴ የሄዱ ሴት ነበሩ። እዚያው በ1934 ዓ.ም. ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር በወጣትነታቸው አረፉ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ መሆን፣ ራስን ችሎ ነርስ መሆንም ቢሆን አላዳናቸውም። በስማቸው የተሰየመው፣ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ያ ቤት፣ የአዋላጅ ትምህርት ቤት ለመክፈት ማሰቡ ተገቢ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ጥቂት አዋላጆችን ካስመረቀ በኋላም በጊዜው መንግሥት ተዘጋ።

እዚህ ላይ ቆም እንድትሉ እለምናለሁ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ፣ ዛሬ በኩራት የምንናገረው የፊስቱላ ሆስፒታሉ ታሪክ ጭምር፣ ባልተሰማሩት አዋላጆች ቦታ የተተካ ሥራ ነው። ሐምሊኖች አዋላጅ ማስተማሩ ሲቆምባቸው፣ አዋላጅ ያልደረሰላቸው ሴቶች በሆስፒታሉ በር ላይ ተራ በተራ ይመጡ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 30 የሚሆኑ የፊስቱላ ታካሚዎችን አከሙ። ባልና ሚስቱ ግን ከዚያ በፊት ይህን ጉዳት ዓይተውት አያውቁም፤ በአገራቸው ከጠፋ ቆይቶ ነበር። ስለዚህ እንደገና ተማሪ ሆኑ። የቀደሙ ሐኪሞችን ጽሑፍ፣ በተለይም ካይሮ ውስጥ ለረጅም ዘመን ፊስቱላ ያከሙትን የግብፃዊውን ሐኪም የናጊብ ማሕፉዝን ሥራ እያጠኑ ቀዶ ሕክምናውን ደረጃ በደረጃ አዳበሩ።

ዶክተር ካትሪን ሲወሱ ደግነታቸው ብቻ እየተነገረ ሳይንሳቸው መረሳቱ ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ1969 ከባለቤታቸው ጋር በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ያሳተሙት ጽሑፍ፣ በምጥ ብዛት የሽንት ቧንቧቸው ፈጽሞ የጠፋባቸውን ሴቶች እንዴት መልሶ መሥራት እንደሚቻል የሚያስረዳ ነበር። ይህ ማንም ሐኪም ተስፋ ሊቆርጥበት የሚችል ጉዳት ነው። እነርሱ ዘዴ ፈለጉለት፣ የሠሩትን መዘገቡ፣ ውጤቱን ለሌሎች ሐኪሞች ክፍት አደረጉ፤ ከሌሎች አገሮች የመጡ ሐኪሞችንም በዚሁ ሙያ አሠለጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ዘመኑ የአብዮት ዘመን ነበር፤ ብዙ የውጭ ዜጎች ሻንጣቸውን ሲያነሡ እነርሱ ቆዩ። ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያርፉ ዶክተር ካትሪን ብቻቸውን ቀጠሉ፤ ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላም ቀዶ ሕክምና ይሠሩ ነበር። በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፍ ሆስፒታሎች ተከፈቱ። በእነዚህ ሁሉ ከ60 ሺህ በላይ ሴቶች ታክመዋል፤ ሕክምናውም በነፃ ነው።

ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን የማያነሳ ሰው ይህን ታሪክ ጨርሶ አልተናገረውም። የመጀመሪያ ልጃቸውን በምጥ ብዛት አጥተው፣ በ16 ዓመታቸው ገደማ ለሕክምና ከገጠር የመጡ ናቸው። ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም ነበር። ሲያገግሙ አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ፤ ከዚያ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ ማቀበል፤ ከዚያ ዶክተር ሬጂናልድ እጃቸውን ይዘው አስተማሯቸው። በመጨረሻ ሐኪሞችን የሚያሠለጥኑ የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሆኑ። የእንግሊዝ የንጉሣዊ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1989 ለሐምሊኖች የወርቅ ሜዳሊያ ሲሰጥ ወይዘሮ ማሚቱም የክብሩ ተካፋይ ነበሩ። ዕድል ያገኘች አንዲት የገጠር ሴት የት ልትደርስ እንደምትችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ፣ ያ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ከተዘጋ ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ፣ ዶክተር ካትሪን ከ80 ዓመት በላይ ሆነው የሐምሊን አዋላጆች ኮሌጅን ከፈቱ። ኮሌጁ የሚቀበለው ከገጠር የመጡ ሴት ተማሪዎችን ነው፤ አራት ዓመት ያስተምርና ወደ መጡበት አካባቢ ተመልሰው እንዲያገለግሉ ይልካል። በዓለም የታወቀ ቀዶ ሐኪም፣ ዕድሜያቸው ሲገፋ፣ አቅማቸውን ያዋሉት ለሌላ የቀዶ ሕክምና ክፍል አልነበረም። ወደ መጀመሪያው ሥራቸው ተመለሱ። ሕይወታቸውን በሙሉ ሲጠግኑ የኖሩት ጉዳት መነሻው የት እንደሆነ ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

መነሻውን እኛም እናውቀዋለን። የሕፃኑ ጭንቅላት በእናቲቱ ዳሌ ውስጥ አላልፍ ይላል። በሕፃንነቷ በቂ ምግብ ያላገኘች፣ እንጨትና ውኃ ስትሸከም ያደገች፣ አካሏ ሳይጠነክር የተዳረች ሴት ዳሌዋ ጠባብ ሊሆን ይችላል፤ ግን በሰላሳ ዓመቷ አራተኛ ልጇን የምትወልድም ሴት ሕፃኑ አቀማመጡ ከተዛባ ይህ ይደርስባታል። ምጡ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ይቀጥላል። በጭንቅላቱና በዳሌዋ አጥንት መካከል የተጣበቀው ሥጋ ደም አያገኝም፤ ይሞታል። ሕፃኑም ብዙውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ሽንቷ መንጠባጠብ የሚጀምረው ግን በማግስቱ ላይሆን ይችላል፤ የሞተው ሥጋ እስኪላቀቅ ቀናት ያልፋሉ። ያን ጊዜ እርሷ ቤቷ ናት። ሐዘንተኛ ናት። ጎረቤት "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብሎ ሳይጨርስ ፍራሿ መርጠብ ይጀምራል፤ እርሷም ማንም እንዳይሰማባት ጨርቅ ታጥፋለች።

አንዲት እንዲህ ያለች እናት በቃሬዛ ተሸክመው ወደ እኛ ጤና ጣቢያ ያመጧት ማታ ነበር። ምጡ ከያዛት ሁለት ቀን አልፎ ነበር። በዚያ ሌሊት ተረኛዋ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ በሌላው አልጋ ላይ ደግሞ ሌላ ወላድ አለች። የሕፃኑን የልብ ምት በየግማሽ ሰዓቱ ማዳመጥ፣ የማህፀን አፍ መከፈቱን ፓርቶግራፉ ላይ መመዝገብ፣ የደም ግፊት መለካት፣ ደም እንዳይፈሳት የወለደችዋን መጠበቅ፣ ሁሉም የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ ነበር። ፓርቶግራፍ ማለት አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ሁለት ሰያፍ መስመሮች አሉት። የምጡ መስመር የመጀመሪያውን ሲያልፍ ተጠንቀቂ ይላል፣ ሁለተኛውን ሲያልፍ አሁኑኑ አንድ ነገር አድርጊ ይላል። ወረቀቱን በትክክል የሚሞላ ሰው ካለ ፊስቱላ ከመድረሱ ከብዙ ሰዓታት በፊት ይታወቃል። ይህች እናት ግን ወደ እኛ የደረሰችው ሁለቱም መስመሮች ካለፉ በኋላ ነበር። የወረዳው አምቡላንስ ነዳጅ አልነበረውም። ባሏና ወንድሟ ገንዘብ አሰባስበው የጭነት መኪና እስኪያገኙ ነጋ። ሆስፒታል ደርሳ በሕይወት ተረፈች፤ ሕፃኑ አልተረፈም። ፊስቱላውንም ይዛ ተመለሰች።

ከእርሷ የተማርሁትን ለሥራ ባልደረቦቼ ደጋግሜ ነግሬያለሁ። ምጥ ከበዛባት በኋላ ለወለደች ሴት ካቴተር (የሽንት ማስወጫ ቱቦ) ለጥቂት ሳምንታት ቢቆይላት፣ ትንንሽ ቀዳዳዎች ያለ ቀዶ ሕክምና ሊደፈኑ ይችላሉ። ዋጋው ትንሽ ነው። የሚያስፈልገው በወለደች በሳምንቱ ቤቷ ድረስ ሄዳ የምታያት፣ ምን እንደምትጠይቅም የምታውቅ ባለሙያ ነች። የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን ይህን ይሠራሉ፤ ግን በአንድ ቀበሌ ውስጥ የሚጠበቅባቸው ሥራ ብዛት ከእናንተ የተሰወረ አይደለም።

ያገኛችሁትን ውጤት አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2005 በጤና ተቋም የምትወልደው እናት ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነበረች፤ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 ከፍ ብሏል። ከዚህ ቁጥር ጀርባ በየመንደሩ ቤት ለቤት የተንከራተቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በየጤና ጣቢያው ቡና የሚፈላባቸውና ገንፎ የሚገነፋባቸው የእናቶች ማቆያ ቤቶች፣ በየቦታው የተሠሩ የገጠር መንገዶች አሉ። ያ ሁሉ የእናንተ ሥራ ነው። ሆኖም እናቲቱን ወደ ጤና ጣቢያ ካመጣናት በኋላ የሚቀበላት ሰው መኖር አለበት። ጤና ጣቢያ ደርሳ ባለሙያ አጥታ የተጎዳች እናት በሚቀጥለው እርግዝናዋ አትመለስም፤ እህቷም፣ ጎረቤቷም አይመጡም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ለዓመታት የተገነባ አመኔታ በአንድ ሌሊት ይፈርሳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከዩኒቨርሲቲና ከኮሌጅ በአዋላጅነት የተመረቁ፣ የሙያ ምዘና ያለፉ፣ ፈቃድ የያዙ ወጣት ሴቶች ሥራ አጥተው ቤት ተቀምጠዋል። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ በየወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በር ላይ የሚለጠፈውን የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ማየት፣ ለአንድ ቦታ ስንት ሰው እንደሚመዘገብ መጠየቅ ይበቃል። በዚያው ወረዳ ደግሞ አንዲት አዋላጅ ብቻዋን ቀንና ሌሊት የምትሠራበት ጤና ጣቢያ አለ። መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ በጀት የለም። እኔም የምለው ይህን በጀት ፈልጉ ነው። የመጀመሪያው የአዋላጅ ትምህርት ቤት የተዘጋውም የአዋላጅ ሥራ ከሌላው ወጪ ቀጥሎ የሚመጣ ተደርጎ ስለታየ ይመስለኛል። ዋጋውን ማን እንደከፈለ በሐምሊን ሆስፒታል አልጋዎች ላይ የተኙት ሴቶች ይነግሩናል።

የተቀጠሩትም ቢሆኑ ለምን እንደማይቆዩ አስቡበት። ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ፣ ከከተማ ርቃ፣ መኖሪያ ቤት በሌለበት፣ መብራት በሚጠፋበት፣ የማዋለጃ ክፍሉ ውኃ በባልዲ በሚቀዳበት ጤና ጣቢያ ትመደባለች። በሌሊት ተጠርታ ለብቻዋ በጨለማ ትሄዳለች። የሠራችበት የዲዩቲ (የተረኝነት) ክፍያ ወራት ይዘገያል። በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዝ ያነሱትን ጥያቄ ታስታውሳላችሁ፤ ከጠየቁት መካከል እንደ እርሷ ያሉ ነበሩ። ሁለት ዓመት ሳትሞላ ወደ ከተማ የምትመለሰውን ልጅ ሙያዋን ከድታለች ማለት ፍርድ አይሆንም።

ጦርነቱም አለ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፣ አምቡላንሶች ተወስደዋል፤ ዛሬም በግጭት ውስጥ ባሉ አካባቢዎች ምጥ የያዛት ሴት መንገድ ተዘግቶባት ትቀራለች። ሰላም ማውረድ የጤና ሚኒስቴር ሥልጣን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን እናቶችን የሚያመላልስ ተሽከርካሪ በማንም ወገን እንዳይታገት መጠየቅ፣ ሲታገትም በስሙ ጠርቶ መናገር የሚኒስቴሩ ድርሻ ነው። በእነዚያ ዓመታት ቤታቸው የወለዱ፣ ዛሬም ሽንታቸው እየፈሰሰ ተሸሽገው የተቀመጡ ሴቶችን መፈለግም እንደዚሁ። ሐኪም ቤት ለመሄድ ገንዘብና ሰው ያጡ፣ ሕመሙ መድኃኒት እንዳለው ጭራሽ ያልሰሙ ናቸው። ከፊስቱላ ጋር ሃያና ሠላሳ ዓመት የኖሩ ሴቶች እንኳ ታክመው ሽንታቸው መፍሰሱን አቁሟል። ነርቫቸው ተጎድቶ እግራቸው የሰነፈባቸውም በአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ቆመው ይሄዳሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ደስ የማይል ቢሆንም። የወሊድ ፊስቱላ በቀነሰ መጠን፣ በማህፀን ቀዶ ሕክምና ጊዜ በሚደርስ ጉዳት የሚመጣው ፊስቱላ ድርሻ እየጎላ ነው። በችኮላ፣ በቂ ልምምድ ሳይኖር፣ ብቻዋን በተተወች ባለሙያ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ፊኛን ሊቆርጥ ይችላል። የቀዶ ሕክምና ክፍል መክፈቱ መልካም ነው፤ ከመክፈቱ ጋር አብሮ የሚሄድ ሥልጠናና ክትትል ግን ይፈልጋል። ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጂናልድ አንድ ቀዶ ሕክምና ለማሻሻል የወሰዱትን ዓመታት ያየ ሰው ይህን አይዘነጋም።

ሚኒስቴሩ ፊስቱላን ለማጥፋት ከአንድም ሁለት ጊዜ ስልታዊ ዕቅድ አውጥቷል፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም እ.ኤ.አ. 2030ን ግብ አድርጓል። ግቡ ይሳካል ብዬ የማምነው በእያንዳንዱ የገጠር ጤና ጣቢያ ቀንም ሌሊትም ተረኛ አዋላጅ ሲኖር፣ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ስትተካት ነው። ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው ይህን ነው። ከመጪው ግንቦት 15 በፊት፣ በየወረዳው ስንት የአዋላጅ መደብ እንዳለ፣ ስንቱ እንደተሞላና ስንቱ ክፍት እንደሆነ ለሕዝብ ይፋ አድርጉ። ክፍቶቹን ሥራ በሚጠብቁት ምሩቃን ሙሉ፤ ከየአካባቢው የወጡ ልጆች ቅድሚያ ይሰጣቸው፤ ቋንቋውንም መንገዱንም ያውቃሉና። በጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ መኖሪያ ቤት ይሠራላቸው። የዲዩቲ ክፍያቸው ከደመወዛቸው ጋር አብሮ ይውጣ። የአምቡላንስ ነዳጅ ወረዳው ባለበት ጊዜ የሚሰጥ፣ በሌለበት ጊዜ የሚከለክል ሳይሆን ራሱን የቻለ የበጀት መደብ ይኑረው። ከወለደች በሳምንቱ የሚደረገው የቤት ለቤት ጉብኝት ሽንት ይንጠባጠብ እንደሆነ የሚጠይቅ ግልጽ ጥያቄ ይጨመርበት፤ የተገኘችውም ሴት ወደ ፊስቱላ ሆስፒታል የምትሄድበት የመጓጓዣ ወጪ ይሸፈንላት።

በዚህ ዓመት በዓሉ ሲከበርም፣ በመድረኩ ላይ ከክብር እንግዶች ጋር በገጠር ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት አዋላጅ አስቀምጡ። ንግግር እንድታደርግ አይደለም፤ እንድትጠየቅ ነው። ባለፈው ወር ስንት ሌሊት ብቻዋን እንደሠራች፣ ስንት እናቶችን ወደ ሆስፒታል እንደላከች፣ መኪናው በስንት ሰዓት እንደደረሰ ጠይቋት። መልሷንም በቃለ ጉባኤ ላይ መዝግቡት።

በጽሑፍ የምትሰጡትን ምላሽ እጠብቃለሁ። ምላሹም በየወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ፣ ተመርቀው ቤት የተቀመጡት ልጆችም እንዲያነቡት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር

አንዲት አዋላጅ ነርስ

ግልባጭ፦
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጤና ጉዳዮችን ለሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ
ለገንዘብ ሚኒስቴር